አምስት ቀን እዚያ፣ አንድ ሴሚስተር እዚህ

ጃፓን ውስጥ የአራት ዓመት ዲግሪ የሚማር ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ የነሐሴ ዕረፍቱ ዕረፍት መሆኑ ያበቃል። ሊመረቅ ገና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ እየቀረው ከአንዱ ኩባንያ ወጥቶ ሌላው ጋ ይገባል። ይህን «ኢንታን» ይሉታል፤ ከእንግሊዝኛው ኢንተርንሺፕ የሚለውን ቃል ተውሰው፣ አሳጥረውት ነው። እኛም ቃሉን ያመጣነው ከዚያው ነው። ነገሩ በእነሱ ተማሪ ሕይወትና በእኛ ተማሪ ሕይወት ውስጥ ያለው ቦታ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪዎችን ወደ ፋብሪካ የምልክ መምህር ስለሆንኩ ይህ ልዩነት በየዓመቱ ያንገበግበኛል፤ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት።

ጃፓንን የማውቃት ማስተርሴን ስለሠራሁባት ነው። የሄድኩት አቤ ኢኒሼቲቭ በሚባለው የጃይካ (የጃፓን መንግሥት ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት) ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ዮኮሃማ ላይ በተካሄደው አምስተኛው ቲካድ፣ ማለትም የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ፣ ይፋ ሲሆን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,000 አፍሪካውያን ወጣቶችን ጃፓን ወስዶ ለማስተማር፣ ከትምህርቱም ጋር ጃፓን ኩባንያ ውስጥ ኢንተርንሺፕ ለማሠራት ታስቦ ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት በኩል አየሁት፤ አንድም አብረውኝ የሚማሩት ጃፓናውያን ሲሯሯጡ፣ አንድም ራሴ ፋብሪካ ገብቼ። (ስለ ጃፓን የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚያ የማስተርስ ተማሪ ኑሮው ላብ (ላብራቶሪ) ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ክፍል ተጋርታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ የጎረቤታችሁን ሆድ ጩኸት ሳይቀር ታውቃላችሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጓደኞቼ ሙከራቸውን አቁመው ፎርም መሙላት ያዙ። ፎርሙ ለሥራ አይደለም፤ ለአምስት ቀን ኢንተርንሺፕ ለመመረጥ ነው። ማመልከቻ አለው፣ የቁጥርና የቋንቋ ችሎታ ፈተና አለው፣ ቃለ መጠይቅ አለው። ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «በተማሪነትህ ዘመን ከሁሉ በላይ የደከምክበት ነገር ምንድን ነው?» ስለሚደጋገም «ጋኩቺካ» ብለው አሳጥረውታል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስለምትሠራበት ምግብ ቤት ጻፈች፤ ሰረዘች፤ ስለ ስፖርት ክበቧ ጻፈች፤ እሱንም ሰረዘች። ማታ ወደ ዶርም ስንመለስ ባቡር ውስጥ በስልኳ ሌላ ትጽፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ከየት መጣ? የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች ሠራተኛ የሚቀጥሩት እንደ እኛ ክፍት ቦታ ሲገኝ ማስታወቂያ እየለጠፉ አይደለም። በአንድ ዓመት የሚመረቁትን ተማሪዎች ገና ትምህርት ላይ እያሉ ባንድ ጊዜ መርጠው፣ ኤፕሪል 1 ቀን ባንድ ሥነ ሥርዓት ያስገባሉ። የሥራ ልምድ አይጠይቁም፤ ራሳችን እናሠለጥነዋለን ብለው ነው የሚወስዱት። ተማሪው ለዚህ የሚያደርገው ሩጫ «ሹካትሱ» ይባላል። መንግሥት ያወጣው የቀን ገደብ አለው፤ ኩባንያዎች ስለ ቅጥራቸው ማስተዋወቅ የሚጀምሩት ከምረቃው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባለው ማርች 1፣ ምርጫው ጁን 1፣ የቅጥር ቃሉ በይፋ የሚሰጠው ኦክቶበር 1 ነው። ኦክቶበር 1 አብዛኛውን ዓመት መስከረም 21 ላይ ይውላል። ደሴ በግሸን ማርያም ተጓዦች ተጨናንቃ፣ መናኸሪያው መቆሚያ አጥቶ በምትውልበት ቀን እነዚያ ልጆች በየኩባንያው አዳራሽ ተሰልፈው የቅጥር ወረቀታቸውን ይቀበላሉ። አንድ ዓመት በዚያ ቀን ቤተሰቤ ግሸን ሄዶ ነበር፤ ላብ ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ ሁለቱን እያሰብኩ ዋልኩ።

ታዲያ ገደቡ ይህ ከሆነ ኢንታን በምን በኩል ገባ? ነገሩ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ በ1946፣ ኢንታን ማለት የሕክምና ተመራቂ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የሚያገለግልበት ሥርዓት ነበር። ተማሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙት፤ በ1968 ቀረ። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲን ያናወጠው የዚያ ዓመት የተማሪዎች እንቅስቃሴ የተጫረውም ከሕክምና ፋኩልቲ፣ በዚሁ ጉዳይ ነው። (ደሴ ሆስፒታል ገብታችሁ ኢንተርን ጥሩልኝ ብትሉ ዛሬም የሚመጣው ወጣት ሐኪም ነው።)

ለሌላው ተማሪ ኢንታን በመንግሥት ፖሊሲ የመጣው በ1997 ነው። የትምህርት፣ የንግድና ኢንዱስትሪ እና የሠራተኛ ሚኒስቴሮች በጋራ ባወጡት ሰነድ፣ ተማሪው ከሚማረውና ወደፊት ከሚሠማራበት ሙያ ጋር የተያያዘ ሥራ በትምህርት ላይ እያለ የሚቀምስበት ነው አሉ። የትምህርት ጉዳይ እንጂ የቅጥር ጉዳይ አይደለም የሚል አቋም ነበረ፤ ኩባንያው እዚያ ያየውን ተማሪ ለቅጥር ምርጫ አይጠቀምበትም ተባለ። በተግባር ግን አንድ ኩባንያ ጎበዝ ልጅ አይቶ ዓይኑን አይጨፍንም። በ2017 የአሠሪዎቹ ማኅበር ኬይዳንረን ቢያንስ አምስት ቀን የሚለውን መስፈርቱን ሲያነሳ የአንድ ቀን ኢንታን በየቦታው ፈላ። ጠዋት ገብቶ የኩባንያውን ፊልም አይቶ፣ በቡድን ተወያይቶ፣ ማታ መውጣት ነው። ሥራ የሚባል ነገር የለበትም። ተማሪው ግን ካልሄድኩ እቀራለሁ ብሎ ይሄዳል።

በጁን 2022 ሦስቱ ሚኒስቴሮች ሰነዱን አሻሻሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። ተማሪና ኩባንያ የሚገናኙባቸውን መንገዶች አራት ቦታ ከፍለው፣ ኢንተርንሺፕ ተብሎ መጠራት የሚገባው ሦስተኛውና አራተኛው ብቻ ነው አሉ። ጉብኝትና ማብራሪያ የሆነው በሌላ ስም ይጠራ። ሦስተኛው ዓይነት ቢያንስ አምስት ቀን፣ የተለየ ሙያ የሚጠይቅ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት መሆን አለበት። ከቀናቱ ከግማሽ በላይ ተማሪው ሥራው በሚሠራበት ቦታ መገኘት አለበት። የኩባንያው ሠራተኛ ሊመራው፣ ሲያበቃም ስለ ሥራው ፊት ለፊት አስተያየት ሊሰጠው ይገባል። ትምህርት እንዳያቋርጥ በረጅም ዕረፍት ወቅት ይሁን። ይህን ላሟላ ኩባንያ ብቻ፣ በኢንተርንሺፑ ያወቀውን የተማሪ መረጃ የቅጥሩ ወቅት ሲከፈት እንዲጠቀምበት ፈቀዱለት። ተግባራዊ የሆነው በማርች 2025 ከተመረቁት ጀምሮ ነው።

የተፈቀደው ነገር ዝነኛ ሆነ፤ «ኢንታን አሁን የሥራ በር ሆነ» ተብሎ ተወራ። እኔን የያዘኝ ግን መስፈርቱ ነው። ተማሪው ሥራው ቦታ ይገኝ፤ የሚመራው ሰው ይኑር፤ ያ ሰው ስላየው ነገር ይንገረው። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት ስሙን መጠቀም አይቻልም ብሎ መንግሥት ጻፈ።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልመለስ።

የእኛ የምህንድስና ተማሪ ኢንተርንሺፕ የሚወጣው ለአንድ ሴሚስተር ነው። አምስት ቀን አይደለም፤ ወራት ነው። በርዝመት ጃፓኖቹን ብዙ ጊዜ እንበልጣቸዋለን። ከተማዋም የተመቸች ናት፤ ጨርቃጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከግቢ በባጃጅ የሚደረስ ፋብሪካ ያለው የምህንድስና ተማሪ በአገራችን ብዙ አይደለም። ልጆቹ ከዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው በር በር ይዞራሉ፤ ዘበኛው ጋ ይቆማሉ፤ ሰው ሀብት ይገባሉ፤ «ኮታችን ሞልቷል» ይባላሉ፤ ሌላ ጋ ይሄዳሉ። በመጨረሻ አንዱ ጋ ይገባሉ።

ከገቡ በኋላ ምን ይሆናል? ሰው ይለያያል። አንድ ተማሪዬን አንድ የጥገና ክፍል ኃላፊ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የተቃጠለ ፓምፕ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠለትና «ፍታው፣ ምን እንደገደለው ንገረኝ» አለው። ልጁ የፓምፑ ማሸጊያ (ሲል) ማለቁን፣ ዘንጉም መጣመሙን ራሱ ደረሰበት። ስጎበኘው እጁ በግሪስ ጠቁሮ፣ «ቲቸር፣ ቤሪንጉን ማየት አለብሽ!» ብሎ እየጎተተ ወሰደኝ። ሌላዋ ተማሪዬ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ከሞላ ጎደል ጊዜውን በሙሉ ስቶር ተቀምጣ ቦልት ስትቆጥር ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ማንም እሷን የመምራት ኃላፊነት አልተሰጠውም። ማሽኑ ጋ ትቅረብ ብሎ የሚደፍር ሰው ስላልነበረ ስቶር ቀረች።

ሲያበቃ ሁለቱም ወረቀት ይዘው መጡ፤ ታሽጎ ማኅተም የተደረገበት ፖስታ። ፖስታው ውስጥ ያለው ቅጽ ላይ ሁለቱም በሁሉም ረድፍ «በጣም ጥሩ» ተብለዋል። ሰዓት አክባሪነት፣ በጣም ጥሩ። ቴክኒካዊ ዕውቀት፣ በጣም ጥሩ። የማውቃቸው ሱፐርቫይዘሮች ይህን የሚያደርጉት ለልጁ አዝነው ነው፤ ነጥቡን ላበላሽበት ወይ ብለው። ሀዘኔታቸው ይገባኛል። ውጤቱ ግን ፓምፕ የፈታውና ቦልት የቆጠረችው አንድ ሆነው መታየታቸው ነው። ወረቀቱ ስለ ማናቸውም ምንም አይናገርም። ሎግ ቡኩም እንዲሁ፤ በየቀኑ መጻፍ የነበረበት በመጨረሻው ሳምንት፣ ዶርም ውስጥ፣ ባንድ እስክሪብቶ ሲሞላ አያለሁ።

ከዚያ ምረቃ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም አለ። ከዚያ ደግሞ በቴሌግራም ቻናል ማስታወቂያ መጠበቅ። «0 ዓመት» የሚል ሲወጣ ልጆቹ እርስ በርስ የሚላላኩበትን ፍጥነት ብታዩ። በአንድ ወቅት አንድ ድርጅት ለጀማሪ መካኒካል መሐንዲስ የ2 ዓመት ልምድ ጠይቆ ማስታወቂያ ለጠፈ። እዚያው ግቢ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ የሠራ ተማሪዬ ነበር፤ ተመርቆ ደሴ ቤተሰቡ ጋ ተቀምጧል። አመልክቶ አልተጠራም። የሰው ሀብቱ ሰው ልጁን አያውቀውም፤ የሚያውቀው የሽፍት ኃላፊ ደግሞ ስለ ቅጥር የሚጠይቀው የለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «እንግዲያው እንደ ጃፓን ኢንተርንሺፑን በቀጥታ የቅጥር መንገድ እናድርገው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ አሁን አይደለም።

አንደኛ፣ እዚያ ኩባንያው ነው ተማሪውን የሚያሳድደው። የወጣቱ ቁጥር እየቀነሰ ስለሆነ በማርች 2024 ከተመረቁት ሥራ ፈላጊዎች ውስጥ 98.1 በመቶው በኤፕሪል 1 ሥራ ነበራቸው። እኛ ጋ አንድ ቦታ ላይ ስንት ማመልከቻ እንደሚከመር ሰው ሀብት ቢሮ የገባ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ እና ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ኢንተርንሺፑ የሥራ በር ከሆነ በሩን ማን ይከፍታል? ዛሬም ቢሆን ጥሩ ፋብሪካ የሚገባው አጎቱ እዚያ የሚሠራለት ነው። ከደላንታ ወይም ከመቅደላ መጥቶ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ዘመድ የሌለው ልጅ፣ ቤት ተከራይቶ ለመብላት የተቸገረ ልጅ፣ ቦታውን የሚያገኘው ሌላው መርጦ ካለቀ በኋላ ነው። ጃፓንም ከዚህ ነጻ አይደለችም፤ ከቶኪዮ ርቆ ያለ ተማሪ ለአንድ ቀን ኢንታን ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ገንዘቡን ጨርሶ ይመለሳል። ልዩነቱ እነሱ ጋ ቢያንስ ምርጫው በግልጽ ማስታወቂያ፣ በታወቀ መስፈርት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነገር የጊዜ ሰሌዳው ጭካኔ ነው። ጃፓን ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢኮኖሚው አረፋ ሲፈነዳ ኩባንያዎች ቅጥር ቀነሱ። ከ1993 እስከ 2005 ገደማ የተመረቁት «የቅጥር የበረዶ ዘመን» ትውልድ ተባሉ። በዓመቱ ያልገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ስላልሆነ አይፈለግም ነበር። ብዙዎቹ በጊዜያዊ ሥራ ዕድሜያቸው ገፋ፤ መንግሥት በ2019 ለእነሱ ብቻ የተለየ የድጋፍ ዕቅድ እስከ ማውጣት ደረሰ፤ ያኔ አርባዎቹ ውስጥ የገቡ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳነብ ልጆቻችን ናቸው የታዩኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ተማሪው ደብተሩን ጥሎ ተበተነ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ግቢውም ፋብሪካውም ተዘርፎ ነበር። ኢንተርንሺፕ መውጣት የነበረበት ባች የሚወጣበት ፋብሪካ አልነበረውም፤ የቆመ ማሽን፣ የተነቀለ ሞተር፣ የተዘጋ በር። እናቴ ያኔ «አብሽሪ፣ ነፍስ ተርፏል» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ነፍስ ተርፏል። ልጆቹ ግን ያ ወቅት አልተመለሰላቸውም። በአንድ ወቅት ላይ ሁሉን ነገር የሚያንጠለጥል ሥርዓት እዚህ አገር እንዲመጣ አልፈልግም።

ከጃፓን ልናመጣው የሚገባው ሌላ ነው፤ የሚመራ ሰውና የሚነገር አስተያየት። ይህን ያወቅሁት ራሴ በገባሁበት አነስተኛ የማሽን ክፍሎች ፋብሪካ ነው። ማታ ማታ ከመውጣቴ በፊት አንድ ገጽ እጽፋለሁ፤ «ኒፖ» ይሉታል፣ የቀን ሪፖርት ነው። ምን ሠራሁ፣ ምን አልገባኝም፣ ነገ ምን እሠራለሁ። ጡረታ የተቃረቡ አንድ አዛውንት ነበሩ አለቃዬ። ጠዋት ስገባ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ አገኘዋለሁ። «ማሽኑ ቆመ ብለሻል። ስንት ደቂቃ? ማንን ጠየቅሽ?» ሌላ ቀን፤ «ዛሬ ከመለካትሽ በፊት መለኪያውን አጸዳሽው። አይቻለሁ።» ይህች ሁለተኛዋ ለምን እንዳስለቀሰችኝ እስከ ዛሬ ማስረዳት አልችልም። አንድ ሰው እጄን ሲያይ ውሏል። ስጨርስ አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠው የምችለውንና የማልችለውን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ስለ ሥራዬ እንዲያ በግልጽ የነገረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀይ እስክሪብቶና ጊዜ ነው። ጊዜው ግን ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የኮምቦልቻ የጥገና ኃላፊ መለዋወጫ በዶላር እጥረት ጠፍቶበት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣ ሽፍቱ ላይ ሰው ጎድሎበት ነው የሚውለው። የጃፓኑን የአሠራር ማሻሻያ ካይዘንን ተቀብለው ግድግዳቸው ላይ የሥራ ቦታ ማደራጃ የሆኑትን 5ቱን «ማ» የለጠፉ ፋብሪካዎች ሁሉ ይህን ለመጨመር ፍላጎት እንደማያጡ አምናለሁ፤ ጥያቄው ሸክሙን ማቅለል ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ያዘጋጀሁት ነገር ትንሽ ነው። ሎግ ቡኩን ትቼ በየቀኑ ግማሽ ገጽ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ፤ ዛሬ እጄ ምን ነካ፣ ምን አልገባኝም፣ ማንን ጠየቅሁ። ተማሪው ማታውኑ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ በኋላ ተሰብስቦ እንዳይሞላ። ፋብሪካው በስም አንድ ሰው ይመድባል፤ ያ ሰው ዓርብ ዓርብ 15 ደቂቃ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ወረቀት ያያል። በመጨረሻ «በጣም ጥሩ» የሚለውን ረድፍ ሁሉ ሰርዤ ሁለት ክፍት መስመር አስቀምጫለሁ፤ ይህ ልጅ ብቻውን ሊተውበት የሚችል ሥራ የትኛው ነው? ገና ሰው አጠገቡ መቆም ያለበትስ የትኛው ላይ ነው? ሁለተኛው መልስ ነጥቡን እንደማይቀንስ ቅጹ ላይ በጉልህ ጽፌዋለሁ። ቅጂው ለሰው ሀብት ይሰጥና እዚያ ፋይል ይደረጋል፤ ማስታወቂያ ሲወጣ ቢያንስ የሚገለጥ ወረቀት ይኖራል። ቦታ ድልደላውን ደግሞ ዘመድ ለሌላቸው ልጆች ቅድሚያ ሰጥተን በዕጣ እንድንሠራው ለትምህርት ክፍሉ አቅርቤያለሁ፤ ገና አልተወሰነም።

ሁለት የጥገና ኃላፊዎች እሺ ብለውኛል፤ አንዱ ያ ፓምፕ ያስፈታው ነው። የምርት ወይም የጥራት ቁጥጥር ክፍል ሰው እፈልጋለሁ፣ በተለይ ሴት ሱፐርቫይዘር ብትገኝ። ኮምቦልቻ የምትሠሩ ከሆነ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግቢ አለሁ፤ ደሴ ላላችሁት ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ መገናኘት እንችላለን፤ ቅጹን አትሜ ይዤ እመጣለሁ።